ግማሽ ነገር የሰማው መነኩሴ

አንድ መነኩሴ ነበር። ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ከፀሐይ ሸሽቶ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ እሱ ግን ግድግዳ ሥር ቆሞ ጆሮውን ድንጋዩ ላይ ለጥፏል። ከግድግዳው ወዲያ የሚናገረው ወንድሙ ነው። የእናቱ ልጅ አይደለም፤ አብሮት የመነኮሰ፣ አብሮት መንደር ለመንደር ለምኖ የበላ፣ ወባ የጣለው ጊዜ ራስጌው ተቀምጦ ውሃ ያጠጣው ወንድሙ ነው።

ታዲያ እዚያ ምን ይሠራል? ትሉኛላችሁ። ይጠረጥራል። ሌላ ሥራ የለውም።

የእኛ አገር መነኩሴ እንዳይመስላችሁ። ነገሩ ህንድ ነው፤ ዘመኑም ጥንት ነው። ምሳሌ ነውና ቀንና ቦታ አጥብቃችሁ አትጠይቁኝ። ቡድሃ የሚሉትን መምህር የሚከተሉ መነኮሳት አንድ ኮረብታ ላይ ገዳም ነበራቸው። ግድግዳ ሥር የቆመው ሱማና ይባላል። ከወዲያ የሚናገረው ባድራካ ይባላል።

ገና «ቡድሃ» ስል የአንዳንዶቻችሁ ፊት ሲኮሳተር አየሁ። «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ደግሞ ምን ሊያስተምረን ነው?» አላችሁ በሆዳችሁ። አይዟችሁ፣ ሃይማኖታችሁን አልነካም። ልክ ናቸው ወይስ ስተዋል የሚለውን ለሌላ ቀን ተዉትና ሰውየውን እዩልኝ።

በዚያ አገር፣ በዚያ ዘመን፣ የሃይማኖት ሰው ሁሉ ተከራካሪ ነበር። አንዱ ወገን «ዓለምን የሠራ ጌታ አለ» ይላል። ሌላው «የቅዱሱ ቃል ድምፅ ራሱ ከጥንት የነበረ ነው፤ ማንም አልፈጠረውም» ይላል። ሌላው ደግሞ «በሰው ውስጥ የማትለወጥ፣ የማትሞት ነፍስ አለች» ይላል። የቡድሃ ሰዎች ለሁሉም መልስ ነበራቸው፤ ሲመልሱም ምላሳቸው አይምርም። በነፍስ ነገርማ አይነሣባቸው! «ወተት እርጎ ይሆናል፤ እርጎው ተንጦ ቅቤ ይወጣዋል። እስቲ ከወተቱ እስከ ቅቤው ሳይለወጥ የቆየውን አንድ ነገር አውጥታችሁ አሳዩን። ሰውም እንደዚያው ነው» ይላሉ።

ክርክሩ ግን እንደ እኛ የድግስ ቤት ጭቅጭቅ አልነበረም። ደንብ ነበረው። የባላጋራህን ቃል ከማፍረስህ በፊት አንተው ራስህ ቆመህ ቃሉን ትናገርለታለህ። ሳታጣምም ትናገርለታለህ። እሱም ሰምቶ «አዎ፣ ቃሌ ይህ ነው» ማለት አለበት። «አዎ» ካላለ አንተ መልስ መስጠት አትችልም። የማታውቀውን ነገር እንዴት ታፈርሳለህ?

ደንቡን ልብ አላችሁ? እሺ፣ እንቀጥል።

ከኮረብታው ግርጌ ጎቪላ የሚባሉ አዛውንት መምህር ነበሩ። ነፍስ አለች የሚለው ወገን ሊቅ ናቸው። ላይኞቹና ታችኞቹ ዓመት ከዓመት ሲካሰሱ የአገሩ ገዢ ሰለቸው። «ገበሬው ለማን ምጽዋት እንደሚሰጥ ግራ ገብቶታል» አለ። «እፊቴ ቀርባችሁ ተከራከሩ። የተረታው ወገን ክረምት ሳይገባ አገሬን ለቆ ይሂድ።»

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያ አገር ክረምት ሲገባ ወንዙ መንገዱን ይውጠዋል። ሽማግሌውና በሽተኛው መነኩሴ የት ይገባል? ሱማና ደግሞ ከዚያ ኮረብታ በቀር ዘመድ የለውም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገው መምህሩ ሞቶ አመዱ የተቀበረው እዚያ ነው። በየማለዳው ሄዶ ጉብታውን ይጠርጋል፤ የረገፈውን ቅጠል ይለቅምለታል። ኮረብታው ከሄደ ያ ጉብታ ሄደ፤ ጉብታው ከሄደ ሱማና በዚህ ዓለም የማንም አይደለም። ስለዚህ ፈራ። ወገኖቼ፣ የፈራ ሰው ጠላቱን ሜዳ ወርዶ አይፈልግም፤ ከቤቱ ይጀምራል።

ስለ ገዳሙ ቆሞ እንዲከራከር የተመረጠው ባድራካ ነበር። ከእሱ የተሻለ ተናጋሪ የለም፤ ይህን ሱማናም ያውቃል። ቢሆንም ዓይኑን ጣለበት። ባድራካ ወንዝ ዳር ከጎቪላ ደቀ መዛሙርት ጋር ቁጭ ብሎ ሲያወራ አየው። «ምን ያወራሉ?» አለ። ከእነሱ እጅ ማንጎ ተቀብሎ ሲበላ አየው። «እነዚያ እኮ ከእኛ ጋር ማዕድ አይነኩም፤ ለእሱ እንዴት ሰጡት?» አለ። አንድ ቀን ደግሞ አንዱ መነኩሴ በጎቪላ ሰዎች ሲያፌዝ ጉባኤው በሙሉ ሲስቅ፣ ባድራካ ሳይስቅ ቀረ። አለመሳቁም ተያዘበት!

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ትላላችሁ እናንተ። አውቃችኋለሁ። ይህን ተረት ሳይተርት ያደገ እዚህ ውስጥ የለም። ሱማናም ስንጥር ፍለጋ ገንፎውን ሁሉ በጣቱ አቦካው።

እንግዲህ ወደ ግድግዳችን እንመለስ። ባድራካ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነው፤ ድምፁ ግን ጉባኤ ፊት እንደቆመ ሰው ከፍ ብሎ ይሰማል።

«ነፍስ አለች» አለ ባድራካ።

ሱማና ጆሮውን ይበልጥ ለጠፈ።

«ነፍስ አለች፤ አትለወጥም። ትናንት ማንጎውን በዓይኔ አየሁት። ዛሬ በእጄ ዳሰስሁት። ዓይን አይዳስስም፤ እጅ አያይም። ታዲያ ‹ትናንት ያየሁትን ያንኑ ዛሬ ዳሰስሁት› የሚለው ማን ነው?»

ድምፁ ያምራል። ይርዳልም። እንባ የተናነቀው ይመስላል። ሱማና ከዚህ በላይ አልቆመም። ለምን ይቆማል? የፈለገውን አግኝቷል። ልብሱን ሰብስቦ ወደ አበምኔቱ ሮጠ።

«አባታችን፣ ጉድ ሆነናል» አለ። «ባድራካ ከድቶናል። ነፍስ አለች ሲል ሰማሁት።»

አበምኔቱ ያረጁ፣ ነገር የጠገቡ ሰው ናቸው። «ማን ነገረህ?» አሉት።

«ማንም አልነገረኝም፤ በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት!»

«እስከ መጨረሻው ሰምተኸዋል?»

«የሚበቃኝን ያህል ሰምቻለሁ አባታችን።»

የሚበቃኝን ያህል! ይህን ቃል ያልተናገረ ከመካከላችን ማን አለ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሱማና ባዳውን አምኖ ወንድሙን ጠረጠረ።

ማታ መነኮሳቱ ተሰበሰቡ፤ ባድራካም ተጠራ። ሲገባ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ለክርክሩ ሊመርቁት የጠሩት መስሎታል። ፊታቸውን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ።

«ነፍስ አለች ብለሃል?» አሉት አበምኔቱ።

«ብያለሁ አባታችን። የጎቪላን ቃል እየተለማመድሁ ነበር። ደንቡን ያውቁታል፤ እሳቸው ‹አዎ› ካላሉኝ መልሴን ማን ይሰማኛል? ወንዝ ዳር የምቀመጠውም ለዚሁ ነው። ቃላቸውን ከራሳቸው አፍ መስማት ነበረብኝ።»

እውነቱን ነው የተናገረው። አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ግን እስቲ ለጠረጠረ ሰው እውነት ንገሩት!

ሱማና ብድግ አለ። «አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ የጠላቱን ቃል የሚለማመድ ሰው እንደዚያ ይናገራል? ድምፁ ሲርድ ሰምቻለሁ። ሐሰት ነው የሚለውን ነገር እንደዚያ የሚያሳምር ማን አለ? እኛ የእነሱን ቃል ስናነሣ እኮ ሳቃችን ነው የሚቀድመው!»

ጉባኤው አጉረመረመ። «እውነት ነው» አለ አንዱ። «ያን ቀንም አልሳቀም» አለ ሌላው። «ማንጎውስ?» አለ ሦስተኛው።

አያችሁ? ሰውየው ባላጋራውን በደንብ በመስማቱ ተከሰሰ። የሰው ቃል ሳያጣምም በመናገሩ ከሃዲ ተባለ። አጣሞ፣ አሹፎ፣ አፉን እያጣመመ ቢናገር ኖሮ ታማኝ ወንድም ነበር። እንዲህ ያለ ማኅበር አታውቁም? እኔ አውቃለሁ። እናንተም ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ሊቀ መንበሩ ናችሁ።

አበምኔቱ በባድራካ ላይ ክፋት አላገኙም፤ ነገር ግን እሳቸውም ኮረብታውን ይወዱታል፣ እሳቸውም ፈርተዋል። «የተጠረጠረ ሰው ስለ ሁላችን አይቆምም» አሉ በመጨረሻ። «ማን ይቆማል?»

«እኔ» አለ ሱማና።

በክርክሩ ዋዜማ፣ በማለዳ፣ ባድራካ ሱማናን የመምህሩን ጉብታ ሲጠርግ አገኘው።

«ሱማና፣ እኔን እንደ ፈለግህ አስበኝ» አለው። «ግን ቁጭ በልና ቃላቸውን ልንገርህ። አንዴ ብቻ ስማኝ።»

«መርዝህን ጆሮዬ ውስጥ አታፍስስ» አለው ሱማና፣ ከመጥረጊያው ቀና ሳይል።

«ወባ የያዘህ ጊዜ ባጠጣሁህ ውሃ ውስጥ መርዝ ነበረበት?»

ሱማና እጁ ቆመ። ለአፍታ ልቡ ራራ። ወዲያው ግን «ይኸው፣ ሊያባብለኝ ነው» አለ በሆዱ፤ መጥረጉንም ቀጠለ። አንድ ጊዜ ጥርጣሬ ከገባ ደግነትም ማስረጃ ይሆናል። ቢቆጣህ «እውነቱ ነክቶታል» ትላለህ፤ ቢለምንህ «ተንኰል ነው» ትላለህ። ምን ቢያደርግ ያመልጥሃል?

ቀኑ ደረሰ። ገዢው ከትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። በአንድ ወገን መነኮሳቱ፣ በሌላው ወገን የጎቪላ ደቀ መዛሙርት፣ ዙሪያውን ደግሞ ማን እንደሚሄድለት ለማየት የመጣ ገበሬ። ጎቪላ እርጅና ጆሯቸውን ስለ ተጫናቸው እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ይጠብቃሉ።

ሱማና ተነሣ። «የጎቪላ ወገን ቃል ይህ ነው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በሰው ልብ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል ሰውዬ ተቀምጧል። ሰው ሲሞት እንደ ወፍ ፈርጥጦ ይበራል። ነፍስ ማለት እሱ ነው!»

ከመነኮሳቱ በኩል ሳቅ ፈነዳ። ሱማና ደስ አለው። ባድራካ ብቻ ዓይኑን ጨፈነ።

ጎቪላ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። «የማን ቃል ነው ልጄ?» አሉ።

«የእርስዎ ነው እንጂ!»

«እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ያስተማሩኝም አላሉም። ከማን ሰማኸው?»

ከማን ሰማው? ከራሱ ወንድሞች ነዋ! ስንት ዘመን ማዕድ ላይ እየተሳሳቁ ሲቀባበሉት የኖሩት ነው። ሲቀባበሉት ሲቀባበሉት እውነት መስሏቸዋል።

«አልተቀበሉህም። እንደገና ሞክር» አለ ገዢው።

ሱማና ሌላ ሞከረ። «ነፍስ እንደ ድንጋይ ደንቆሮ ናት ይላሉ» አለ። ጎቪላ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህም የእኔ አይደለም» አሉ በኀዘን። «ልጄ፣ መልስህን ልሰማው እፈልጋለሁ። እናንተ ዘንድ መልካም መልስ እንዳለ አውቃለሁ። ነገር ግን የማልኖርበትን ቤት ብታፈርስብኝ እኔን ምን ይነካኛል?»

ያ የወተትና የእርጎ መልስ ሱማና አፍ ውስጥ ተዘጋጅቶ ቆሟል። አጥንቶታል፣ ያውቀዋል። መልሱ የሚሰጥበትን የጎቪላን ቃል ግን አጣ። ጉብታው ትዝ አለው። በዕድሜው ሙሉ ከእነዚህ ሰዎች ቃል እውነተኛውን አንድ እንኳ ሰምቶ እንደሆነ ልቡን ፈተሸ። አንድ አገኘ። ከግድግዳው ሥር የሰማውን።

«ትናንት ማንጎውን በዓይኔ አየሁት» ብሎ ጀመረ፤ ድምፁ ተሰባብሯል። «ዛሬ በእጄ ዳሰስሁት። ዓይን አይዳስስም፤ እጅ አያይም። ታዲያ ‹ትናንት ያየሁትን ያንኑ ዛሬ ዳሰስሁት› የሚለው ማን ነው?»

ጎቪላ ከተቀመጡበት ተነሡ። ፊታቸው በራ። «አዎ!» አሉ። «አዎ ልጄ፣ ይህ ነው! እንደዚህ አድርጎ የተናገረልን ሰው አላየሁም። ቀጥል፤ ከዚያስ?»

ሱማና አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም።

«ከዚያስ ልጄ?»

ከዚያማ ሮጧል! ያጠናው የወተቱ መልስ ለማንጎው ጥያቄ አይሆንም፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ከየት ያምጣው? አዛውንቱ እጃቸውን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ጠበቁት። ገዢው ጠበቀው። ገበሬው ጠበቀው። መነኮሳቱ አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፉ። በመጨረሻ ገዢው ተነሥቶ «ተረትታችኋል» አለና ጉዳዩ አለቀ።

ሰማዩ ሲጠቁር ከኮረብታው ወረዱ። አበምኔቱ መራመድ አልቻሉም፤ ባድራካ በጀርባው አዘላቸው። ሱማና ከሁሉ ኋላ ቀረ። ጉብታውን ጠረገ። ነገ ቅጠል እንደሚለብስ፣ ከነገ ወዲያ ሣር እንደሚበቅልበት እያወቀ ጠረገው፤ እዚያው ተደፍቶም አለቀሰ። ከዚያ ሮጦ ደረሰባቸው።

ባድራካ አበምኔቱን አውርዶ ሲያርፍ ሱማና አጠገቡ ተቀመጠ። «ያን ቀን ቀትር ላይ» አለ፣ «መጨረሻው ምን ነበር?»

«‹ዓይንና እጅ አንድ ባለቤት ባይኖራቸው እንዴት ይግባባሉ? ስለዚህ ነፍስ አለች ይላሉ።› ይህ ነበር።»

«ይላሉ?»

«ይላሉ። ከዚያ መልሱን ጀመርሁ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ስለማመድ የዋልሁት መልሱን ነው። ጥቂት ብትቆይ ትሰማው ነበር።»

ሱማና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ኮረብታውን ማጣታችን ያሳዝነኛል» አለ ባድራካ። «ውስጤን የጎዳኝ ግን እሱ አይደለም። ያን ያህል ዘመን አብረን ኖረን አንድ ጊዜ ገብተህ ‹ምን እያልህ ነው?› አላልኸኝም። በሩ እኮ ክፍት ነበር።»

በሩ ክፍት ነበር! ሰማችሁ? ክፍት በር እያለ ሰውየው ግድግዳውን መረጠ።

ወገኖቼ፣ የዚያ አገር ሊቃውንት ቋንቋ በዚህ ነገር እንደ እኛው ነው። «ይላሉ» የሚለውን የሚያመጡት ነገሩ ሁሉ ከተነገረ በኋላ ነው። አማርኛችንን እዩት። ሰው «እኔ አንተን እንደ ወንድሜ» ብሎ ቢጀምር፣ «አይሃለሁ» ይሁን «አላይህም» ይሁን መቼ ታውቃላችሁ? ሲጨርስ ነዋ! እሺታውም እምቢታውም የተቀመጠው ጭራው ላይ ነው። እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ቋንቋ ሰጥቶን፣ እስኪያልቅ መስማት የማንችል ሕዝብ ሆንን።

አማትሽ በስልክ ስታወራ በመጋረጃ በኩል ሰማሽ። «ምራቴ ሰነፍ ናት» አለች። በር ወርውረሽ ወጣሽ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አትነጋገሩም። ከኋላው «የሚል ሰው ደጄን እንዳይረግጥ» ብላ እንደ ጨረሰች ማን ይንገርሽ? አንተስ፣ በእድሩ ስብሰባ ላይ ያኛው ሰው የከሳሾቹን ነገር ለማስረዳት ሲነሣ «እሱም ከእነሱ ነው» ያልኸው? ነገሩን ጨርሶ ነበር?

ስለ ሌላ ሃይማኖት ሰዎችም እንናገራለን፤ ዋና ሥራችን አድርገነዋል። «እነዚያ እኮ እንዲህ ነው የሚያምኑት» እንላለን። ከማን ሰማችሁ? ከእነሱ ነው ወይስ ከእኛው? ጎረቤታችሁ አጠገባችሁ ቆሞ ቢያዳምጣችሁ «አዎ፣ የእኔ እምነት ይህ ነው» ይላል? ተከራከሩ፤ ክርክር ኃጢአት ነው አላልሁም። እምነታችሁንም አታላሉ። ግን ሰው በማይኖርበት ቤት ላይ ድንጋይ እየወረወራችሁ አሸነፍን አትበሉ።

አንድ ሰው አለ። እያንዳንዳችሁ ፈርዳችሁ የጨረሳችሁበት አንድ ሰው። አሁን ስሙ መጥቶባችኋል፤ ከፊታችሁ ይታየኛል። ከዚህ ስትወጡ ወደ እሱ ሂዱ። ልትመክሩት አይደለም፣ ይቅር ልትሉትም አይደለም፤ ለዚህ ገና ናችሁ። ቁጭ በሉና «አንተ ያልኸው እንዲህ ነው?» ብላችሁ ቃሉን ንገሩት። «አይደለም» ቢላችሁ እንደገና ሞክሩ። «አዎ» እስኪላችሁ ሞክሩ። ከዚያ በኋላ መውቀስ ካማራችሁ ውቀሱት፤ እኔ አልከለክላችሁም።

ግን እጠረጥራለሁ። «አዎ» ባላችሁ ዕለት የምትወቅሱበትን ነገር የምታጡት ይመስለኛል።